ከመድኃኒት የማይቆጠር ጠመኔ

ሐኪሟ ወረቀቱን አየችና መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋች። ጥሩምባ ገና ቃል ሳይወጣ ነገሩ ገባት። መነጽሩ አፍንጫ ላይ ከቆየ ውጤቱ ደህና ነው፤ ግንባር ላይ ከወጣ ግን ወሬው መጥፎ ነው። ይህን ለማወቅ ሕክምና መማር አያስፈልግም፣ ደጋግሞ መወቀስ ይበቃል።

«እህቴ፣ ኪኒኑን በትክክል እየወሰዱ ነው?»

ይኸው መጣች፣ ያቺ ጥያቄ።

«እየዋጥኩ ነው።»

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ፣ ማለዳ፣ በባዶ ሆዴ፣ በውሃ። ዋሽቼ ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያርገው!»

«መማል አያስፈልግም» አለች ሐኪሟ። «ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«የለም። ይቺ አንዷ ያመጣችብኝ ጣጣ መች አነሰና ነው ሌላ የምጨምረው?»

ሐኪሟ በረጅሙ ተነፈሰች። «አላምንዎትም» ማለት ያሳፈረው ሰው የሚተነፍሰው ዓይነት ትንፋሽ ነበር። ከዚያ የኪኒኑን መጠን አሁንም ከፍ አድርጋ ጻፈችና ወረቀቱን ገፋ አደረገችላት። ጥሩምባ ወረቀቱን ተቀብላ ስትወጣ በሩን ላለማላተም ራሷን አጥብቃ ያዘች። በሩ ግን በራሱ ጊዜ ተላተመ።

ጥሩምባ የወጣላት ስም ነው። የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ናት፤ ስሙንም ያወጡላት የዴፖው ሹፌሮች ናቸው። በደህናው ጊዜ በመስኮት ብቅ ብላ «ወንድሜ፣ መንገዱን በውርስ ነው ያገኘኸው?» ስትል የአውቶቡሱ ጥሩምባ ሥራ ፈት ነበር። አንገቷ ላይ ያበጠው እንቅርት በቀዶ ጥገና ሲወጣላት የታይሮይድ ዕጢዋም አብሮ ወጣ። ዕጢዋ ሲሠራ የኖረውን ሥራ ከዚያ ወዲህ የምትሠራላት አንዲት ሚጢጢ ኪኒን ናት፤ ዕድሜ ልክ የምትዋጥ። መጀመሪያ ሁሉም ነገር ሰላም ነበር። ኪኒኗ ሥራዋን ሠራች፣ ጥሩምባ ወደ መሪዋ ተመለሰች፣ መንገድ የሚዘጋውም ሁሉ እንደ ድሮው ድርሻውን ተሰደበ።

በኋላ ነው ነገሩ የተበላሸው። ብርድ ብርድ ይላት ጀመር፤ ሰው በሸሚዝ ሲሄድ እሷ ሹራብ ላይ ሹራብ ትደርባለች። ፊቷ እንደ ሊጥ ኩፍ አለ። ፀጉሯ በማበጠሪያው እየተነቀለ ወጣ። ያ ድምጿ ጎረነነ፣ ሐሳቧም ተንቀራፈፈ። አንድ ቀን መስቀለኛ መንገድ ላይ ቆማ አረንጓዴው በራ፣ ጠፋ፣ እንደገና በራ፤ እሷ መሪውን እንደያዘች ፈዛ ቀረች። ከኋላዋ የተሰለፈው መኪና ሁሉ አምባረቀባት። ሰው ሲንቀራፈፍ አንድም ቀን ታግሣ የማታውቀዋ ሴት፣ ተሳፋሪ ትከሻዋን ነካ አድርጎ «እናት፣ ደህና ነሽ?» እስኪላት ድረስ ምንም አልሰማችም።

ደሟ ሲመረመር ቁጥሩ ሰማይ ወጥቶ ተገኘ። ሐኪሟ እንዳስረዳቻት፣ የኪኒኗ ሥራ ደም ውስጥ ሲያንስ አንጎል «ጨምሩ እንጂ!» ብሎ ይጮኻል፤ ወረቀቱ ላይ የሚወጣው ቁጥር ያ ጩኸት ነው። ቁጥሩ በወጣ መጠን ሰውየው ይወርዳል። ቁጥሩ የወጣው ደግሞ ኪኒኑን ስላልዋጠች ነው ተባለ። ሌላ ምን ይባላል? ዋጠች ቢባል ቁጥሩ አይወጣም ነበር። ጥሩምባ ስትምል ቁጥሩ ሲመሰክርባት፣ ቁጥሩ ታመነ።

የዴፖው አለቃ እሱም ድሮ ሹፌር ነበር፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን አንዴ ያመነውን ነገር በመጥረቢያ ካልሆነ አትነቅሉለትም።

«እኔ ላንቺው ብዬ ነው» አላት። «ሐኪሟ ደሟ ተስተካክሏል ብላ እስክትጽፍልሽ መሪ አትነኪም። ሰው ነው የምትጭኚው፣ ሽንኩርት አይደለም።»

«እኔም እኮ ማንን እንደምጭን አውቃለሁ አለቃ። ግን ኪኒኔን እየዋጥኩ ነው።»

«እየዋጥሽማ እንዲህ አትሆኚም። እናንተ ሴቶች ትንሽ ሻል ሲላችሁ መድኃኒት ትጥላላችሁ፤ ባለቤቴም ያው ናት።»

ይህን ብሎ ስምሪት ክፍል አስቀመጣት። ስምሪት ክፍል ማለት የትኛው አውቶቡስ በየትኛው መስመር እንደሚወጣ የሚመደብበት ጠባብ ክፍል ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ሬዲዮ፣ ቁልፍ የሚንጠለጠልበት ሰሌዳ፣ እግሩ የሚወላገድ ወንበር። የእሷ ሥራ በሬዲዮ ለሚጠሩት ሹፌሮች መመለስ ሆነ። በየቀኑ የራሷን መስመር ሌላ ሰው ሲነዳው በሬዲዮ ትሰማለች። የተካት ሹፌር አጭር ነው፤ ወንበሯን እስከ መጨረሻው ወደፊት ስቦታል፤ መስተዋቱንም አዙሮታል። አንድ ምሳ ሰዓት ላይ አውቶቡሷ ውስጥ ገብታ ልትቀመጥ ብላ ጉልበቷ ከመሪው ጋር ሲጋጭ፣ ቤቷ ገብተው ዕቃዋን የነኩባት ያህል አንጀቷ አረረ።

ስምሪት ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ ክዳን ያለው ሰፊ ብልቃጥ አለ። ውስጡ ነጫጭ፣ ክብ፣ የሚታኘኩ የቃር ኪኒኖች ናቸው፤ የትም መድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ የሚሸጡት። የሹፌር ሆድ ሰዓት አያውቅም፤ አንዱን ቀን ጠዋት ይበላል፣ ሌላውን ቀን አመሻሽ ላይ፣ ስለዚህ ዴፖው ውስጥ ቃር የሌለበት የለም። ሹፌሮቹ ብልቃጡን በተራ ይሞላሉ። ስሙን ጠመኔ ብለውታል። ሌላው ሰው «እንደምን አደርክ» በሚልበት ቦታ የእነሱ ሰላምታ «ጠመኔ አቀብለኝ» ነው። መድኃኒት ነው ብሎ ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም። መድኃኒት ሐኪም የሚጽፈው፣ የሚመር፣ የሚያስፈራ ነገር ነዋ! ጠመኔ ግን ትጣፍጣለች፣ ናና ናና ትላለች፣ እንደ ከረሜላ ትታኘካለች። ጥሩምባም ስትነዳ አልፎ አልፎ ትቀምስ የነበረውን፣ ብልቃጡ አጠገብ ተቀምጣ መዋል ስትጀምር ከሬዲዮ ጥሪ እኩል ታኝከው ጀመር። ንዴት ቃር ያባብሳል፤ እሷ ደግሞ ንዴት ጎድሏት አያውቅም።

ቤትም አላረፈችም። ባሏ በያጅ ነው፤ ብረት ከብረት ሲያጋጥም የሚውል ዝምተኛ ሰው። የመጀመሪያው ውጤት ሲበላሽ ከጎኗ ነበር፤ «ላብራቶሪው ነው የተሳሳተው» ብሎ ከእሷ በላይ ተሳድቧል። ሁለተኛው ሲበላሽ ላብራቶሪውን መስደብ ተወ። ሦስተኛው ሲበላሽ ሳህን እያጠበች ሳለ ከኋላዋ መጣና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሆዴ፣ እውነቱን ንገሪኝ። አንዳንዴ ትረሺዋለሽ አይደል? አልቆጣሽም።»

አልቆጣሽም! ሰውን ከዚህ በላይ የሚያስቆጣ ቃል የት ይገኛል?

«አልረሳም!»

«እሺ በቃ። ታዲያ ቁጥሩ ከየት ይመጣል?»

«እኔ ምን አውቄ! ደሜን ጠይቀው!»

ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት ይባላል። በእሷ ግን ስሙ ሐኪም ቤት ወጥቶ፣ ዴፖ ዞሮ፣ ቤቷ ገባ። እህቷ ደውላ «እባክሽ ለራስሽ ስትይ ዋጪው» አለቻት። የእህቷ ባል ከጀርባ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ብሎ ሲስቅ ተሰማት። እንቅርቷ እንኳ ከወጣ ስንት ጊዜው፤ ጆሮ ደግፉ ግን እሱው ሆኖባት ስልኩን ዘጋችው።

ሐኪሟ በመጨረሻ የሰጠችው ዘዴ ደግሞ ይባስ ብሎ ምስክር ነበር። «ሲውጡ አጠገብዎ ቆሞ የሚያይ ሰው ይኑር» አለች። በዚህ ዕድሜዋ፣ ሰባ ሰው ጭና ቁልቁለት የምትወርድ ሴት፣ ኪኒን ስትውጥ ጠባቂ ተመደበላት።

ባሏ በየማለዳው የሥራ ቱታውን እንደለበሰ ወጥ ቤት ይቆማል። እሷ ኪኒኑን ምላሷ ላይ ታደርጋለች፣ ውሃ ትጠጣለች፣ ትውጣለች።

«አፍሽን ክፈቺ እስኪ።»

መጀመሪያ ቀልድ ነበር፤ ሁለቱም ስቀዋል። አንድ ማለዳ ግን የእጅ ባትሪውን አብርቶ «ምላስሽን አንሺ» አላት። አልሳቀም። ጎንበስ ብሎ፣ የበየደው ብረት ስንጥቅ እንዳለው እንደሚያይ፣ ከምላሷ ሥር ተመለከተ። ጥሩምባ አፏን ከፍታ እንደቆመች እንባዋ መጣ። አፍ ተከፍቶ ሲለቀስ ደግሞ እንዴት እንደሚያስጠላ! ባሏ ባትሪውን አጥፍቶ ወዲያ አስቀመጠው። ያን ቀን በራሱ አፈረ።

«ይቅር በይኝ» አላት። «ደግሞ ይኸው ፊትሽን አጨማደድሽ፤ አቃጠለሽ አይደል? በባዶ ሆድ ነዋ። እንኪ፣ ይቺን ጣል አርጊባት።»

ከቱታው ኪስ የጠመኔ ፓኮ አውጥቶ ሁለት ፍሬ መዳፏ ላይ አኖረላት። ገና መሪ ላይ ሳለች ቃሩ ከጀመራት ወዲህ ልማዱ ነው። ሰውየው «እወድሻለሁ» የሚል ቃል ከአፉ አይወጣም፤ ፍቅሩን የሚያውቁት ኪሱ ውስጥ ለእሷ ብሎ በሚይዘው ነገር ነው። ኪኒኗ ከተዋጠች በኋላ ጠመኔዋን ሳይሰጣት አንድም ቀን ከቤት ወጥቶ አያውቅም።

ቀጣዩን ውጤት ለመስማት አብሯት ሄደ። እሷ አልጠየቀችውም፤ «ምስክር ከሆንኩ ምስክርነቴን ልስጥ» አለ። ይህ ውጤት የመጨረሻው ነበር፤ አለቃው ቁርጡን ነግሯታል። ዛሬም ደሟ ካልተስተካከለ መስመሯ ለአጭሩ ሹፌር ለዘለቄታው ይጸናል፣ እሷም ጡረታዋ እስኪደርስ ከሬዲዮ ጋር ትቀራለች።

ሐኪሟ ወረቀቱን አየች። መነጽሩ ወደ ግንባር ወጣ።

«እህቴ...» ብላ ሳትጨርስ ባሏ ብድግ አለ።

«ትውጣለች! እኔ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። በባትሪ አይቻለሁ!»

«ወንድሜ፣ ይህን ያህል መጠን የሚውጥ ሰው ደም እንዲህ ሊሆን አይችልም።»

«ምናልባት የሌላ ሰው ደም ይሆናላ!» አለች ጥሩምባ።

«አስደግሜዋለሁ። የእርስዎ ነው።»

«እንግዲያው ውሸታም ነሽ በሉኛ! ምን ያሽሞነሙናችኋል? እኔም ባሌም ተመካክረን ልንዋሽዎት መጣን በሉ! ምን ልናተርፍ? ፊቴን ያዩታል? ድምፄን ይሰሙታል? ለደስታዬ ነው እንዲህ የሆንኩት?»

ጎርናና ድምጿ መሀል ላይ ተሰበረ። ንዴቱ ከሆዷ ተነሥቶ እንደ እሳት ጉሮሮዋ ላይ ደረሰ፤ ደረቷን ይዛ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለች። ባሏ አላሰበበትም፤ እጁ በልማዱ ኪሱ ገባ፣ ሁለት ፍሬ አውጥቶ መዳፏ ላይ አኖረላት። እሷም በልማዷ አፏ ውስጥ ከታ ታኝክ ጀመር። ቅርጭጭታው ክፍሉን ሞላው።

«ምንድን ነው የሚያኝኩት?» አለች ሐኪሟ።

«ጠመኔ።»

«ጠመኔ ይበላሉ?»

«የቃር ናት» አለ ባሏ፣ ፓኮውን እያሳየ። ሐኪሟ ተቀብላ መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ አወረደች፤ አነበበች፤ እንደገና አነበበች።

«ይህን የሚወስዱት ከታይሮይድ ኪኒኑ በምን ያህል ሰዓት ልዩነት ነው?»

«የምን ልዩነት? ከላይዋ ነው የምጥልባት።»

«እኔ ነኝ የምሰጣት» አለ ባሏ። «ሆዷን እንዳያቃጥላት።»

ሐኪሟ ፓኮውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ በጣም ቀስ ብላ። «ይህ ካልሲየም ነው» አለች። «ሆድ ውስጥ የታይሮይድ ኪኒኑን ያገኘውና ይይዘዋል፤ አለቅም ይላል። ወደ ደም እንዲገባ አይፈቅድለትም፣ ተያይዘው ይወጣሉ። እርስዎ ይውጣሉ፤ ደምዎ ግን የሚደርሰው ነገር የለም ማለት ይቻላል። እኔ መጠኑን ስጨምር ይህኛው ሲቀንስ ኖረናል።» ከዚያ ድንገት እሷም ተናደደች። «ሌላ መድኃኒት ይወስዳሉ ወይ ብዬ በመጡ ቁጥር ጠይቄያለሁ እኮ!»

«መድኃኒት ብለው ነዋ የጠየቁኝ! ይሄ መድኃኒት ነው እንዴ? ያለ ማዘዣ የሚሸጥ፣ ዴፖው ሁሉ ሲቆረጥመው የሚውል ነገር! የሚያኝኩት ነገር አለ ወይ ቢሉኝ ኖሮ አንዱን ፍሬ አቀብልዎት ነበር!»

«እውነትዎን ነው» አለች ሐኪሟ። «እንደዚያ መጠየቅ ነበረብኝ።»

ባሏ አሁንም ፓኮው ላይ እንዳፈጠጠ ነበር። «እኔ ነኛ እንግዲህ» አለ። «ጠዋት ጠዋት...» ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ ያሻሸው ጀመር።

ጥሩምባ እፎይ ማለት ነበረባት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይሉ የለ? ጠራ፤ ጠርቶም ይህን ያህል ትንሽ፣ ይህን ያህል የማይረባ ነገር ሆኖ ተገኘ። መስመሯን ያሳጣት፣ ፀጉሯን የነቀለ፣ ባሏን በባትሪ አፏ ውስጥ ያስገባው፣ ናና ናና የሚል ከረሜላ ነው! ትልቅ በሽታ ቢሆን እንኳ ለሰው ሲነግሩት ያምር ነበር። እርር ድብን አለች።

ሐኪሟ ትእዛዙን በቃልም በጽሑፍም ሰጠቻት። ኪኒኗ እንደ ወትሮው ማለዳ፣ በባዶ ሆድ፣ በውሃ። ጠመኔ የግድ ከሆነ ቢያንስ አራት ሰዓት ቆይቶ። ቃሩም ራሱን ችሎ ይታከማል። የኪኒኑንም መጠን ወደ ድሮው መለሰችው፤ «ያ ሁሉ አሁን ደም ውስጥ ከገባ ልብዎን ያስጋልበዋል» አለች።

«አንድ ነገር ይጻፉልኝ» አለች ጥሩምባ። «ድሮም ትውጥ ነበር ብለው።»

«የሥራ ወረቀቱ ላይ የሚሞላው ለመንዳት ብቁ ናቸው ወይም አይደሉም የሚለው ብቻ ነው። ለአለቃዎ ግን ደውዬ ቀነ ገደቡን አስረዝማለሁ።»

ቤት ሲገቡ ባሏ ፓኮውን ቆሻሻ ውስጥ ወረወረው። እሷ ጎንበስ ብላ አወጣችው።

«ምን ታደርጊዋለሽ?» አለ።

«ቃሬስ? በአንተ ቁጣ ነው የሚድነው? ከምሳ በኋላ አኝከዋለሁ።»

ሰውየው ሳቀ፤ ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ስታይ ሳቁ ወደ ልቅሶ እንደዞረ ገባት። ጥሩምባ ልታጽናናውም ልትሰድበውም ፈለገች፤ ሁለቱንም አደረገች።

ሳምንታት አለፉ። መጀመሪያ ሹራቡ አንድ ቀነሰ። ከዚያ ፊቷ ላይ ያለው እብጠት ጎደለ። አንድ ጠዋት በረንዳ ላይ ሆና ጎረቤቷን በሩ ላይ ስላቆመው መኪና ስትናገረው፣ ባሏ ከውስጥ ድምጿን ሰምቶ ቁርሱን አቋርጦ ወጣ። ደሟ ተመረመረ፤ ሐኪሟ ወረቀቱን አየች፤ መነጽሯን አልነካችም።

ወረቀቱን ይዛ ዴፖ የገባችው በማለዳው ምደባ ሰዓት ነው። ሹፌሮቹ ስምሪት ክፍሉን ሞልተውታል። አለቃው አነበበና ፊቱ በራ።

«እሰይ! ጥሩምባችን እሺ ብላ መዋጥ ጀመረች!»

አጨበጨቡ። አለቃው ቁልፏን ከሰሌዳው አውርዶ መዳፏ ላይ አስቀመጠላት። «አየሽ ልጄ፣ ስትውጪ ዳንሽ። ጥፋትን ማረም ትልቅነት ነው።»

«አለቃ፣ እኔ ድሮም እውጥ ነበር። ጠመኔው ነው ያገደው። ሐኪሟን ይጠይቋት።»

«ተይ እንጂ! አሁን ደግሞ በጠመኔ ታሳብቢያለሽ? እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሳኝክ ምን ሆንኩ?»

ሹፌሮቹ ሳቁ።

«እርስዎማ ዕጢዎ አለ» አለች ጥሩምባ።

«በቃ በቃ፣ ያለፈው አልፏል። ይቅር ብለንሻል፤ ውጪ አሁን፣ ሰው እየጠበቀሽ ነው።»

ይቅር ብለንሻል! ጥሩምባ መዳፏ ላይ ያለውን ቁልፍ አየችው። ይህን ቁልፍ ስንት ጊዜ በሕልሟ ይዛዋለች። አውቶቡሷ ግቢው ውስጥ ቆሞ እየጠበቃት ነው። ወደ ሰሌዳው ሄደችና ቁልፉን ቦታው ላይ መልሳ ሰቀለችው።

«ሌላ ሰው ይንዳው።»

ሳቁ ቀጥ አለ። ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ፤ ከፌርማታው የሚቆጣጠረው ሰው የመጀመሪያዋ አውቶቡስ የት ቀረች ይላል። ማንም አልመለሰለትም። የሬዲዮው ወንበር የእሷ ነበር፣ እሷ ደግሞ ቆማለች።

«ምን ፈለግሽ?» አለ አለቃው።

«ትውጪ ነበር ይበሉኝ።»

«አሁን ይሄ ምን ለውጥ ያመጣል?»

«ለእርስዎ ምንም። ውሸታም ተብዬ ተነሥቻለሁ፤ ውሸቷን ተወች ተብዬ አልመለስም። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ነው ያሉኝ፣ በዚሁ ሰው ፊት ይመልሱት።»

አለቃው ሹፌሮቹን አየ፤ ሹፌሮቹ ጫማቸውን አዩ። ሬዲዮው እንደገና ጮኸ። አለቃው ጉሮሮውን ጠረገ፣ ከንፈሩን ነከሰ።

«ትውጪ ነበር» አለ፣ ለጠረጴዛው።

«በየቀኑ።»

«ኧረ ባክሽ...»

«በየቀኑ አለቃ። እንዲሰሙት።»

«በየቀኑ ትውጪ ነበር!» ብሎ ጮኸ አለቃው፣ በንዴት ፊቱ ቀልቶ። «በቃ? ረካሽ?»

ጥሩምባ ቁልፉን አነሣች። ግቢው ውስጥ ወንበሯን ወደኋላ ገፋች፣ መስተዋቱን መለሰች፣ ወጣች። የመጀመሪያው ፌርማታ ላይ ሰልፉ ጥጉን ዞሮ ነበር፤ ከፊት የቆመች ሴት በሩ ሳይከፈት ገና ትጮኻለች።

«ሹፌር! ይሄ ሰዓት ነው? ሥራ የለንም ብለሽ ነው? ማርፈድ መብትሽ መሰለሽ?»

ጥሩምባ በሩን ከፈተችላት። «እውነትሽን ነው እህቴ፤ አርፍጃለሁ» አለቻት። ስንት ወር ሙሉ ባላጠፋችው ስትወቀስ ከርማ፣ ይቺኛዋ ጥፋት የገዛ ራሷ ስለነበረች ደስ እያላት ተቀበለች።